ፋይናል ፋንታሲ 8፦ ሳይረንን ከኤልቮሬት ላይ መውሰድ፣ ካመለጠችም ማስመለስ

አቤል_ጆይስቲክ
ሰላም ለሁላችሁ። የጨዋታውን የ2019 ሪማስተር (የታደሰውን እትም) እየተጫወትኩ ነው፤ ዶሌት ከተማ ላይ ያለው ፈተና ገና ነው። ሳይረን የምትባለው ጋርዲያን ፎርስ (ውጊያ ላይ የምትጠራ ረዳት ፍጡር) እዚያ ማማው ላይ ካለው ኤልቮሬት ከሚባል ጭራቅ በድሮው (ከጠላት ላይ ማጂክ በሚስበው ትእዛዝ) እንደምትገኝ ሰምቻለሁ። ከመውጣቴ በፊት ምን ላዘጋጅ? ካመለጠችኝስ ተመልሳ ትገኛለች? የምታደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው ይባላል፤ ታዲያ ይህን ያህል መልፋት ለምን? አንድ ነገር ደግሞ ግራ ገብቶኛል። የግሪኳ ሳይረን የምትታወቀው በዘፈኗ ነው፤ እዚህ ጨዋታ ላይ ግን ሥራዋ ዝም ማሰኘት ነው። ለምን?

ሊና_ጋርደን
አቤል ወንድሜ፣ እስካሁን ሦስት ጋርዲያን ፎርስ ሊኖርህ ይገባል፤ ኬትዛኮትልና ሺቫ ከመነሻው፣ ኢፍሪት ከእሳት ዋሻው። ማማው ላይ ለሚዋጉት ለስኳል፣ ለዜልና ለሴልፊ አንድ አንድ አድላቸው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ጋርዲያን ፎርስ ያልተያያዘለት ሰው ከጥቃት ሌላ ትእዛዝ ስለሌለው ድሮው ማድረግ አይችልም። ብዙ ሰው ሁለቱን ስኳል ላይ ይከምርና አንዱ ባዶ እጁን ይቀራል። ሴልፊ የምትገባው ቡድኑን ጥሎ በሚሄደው በሳይፈር ቦታ ስለሆነ፣ ሳይፈር የያዘውን ወደ እሷ ማዛወርህን በሜኑው “ስዊች” አረጋግጥ። ከዚያም ሦስቱም ላይ የድሮው ትእዛዝ መጫኑን አንድ በአንድ እይ።

ማማው ላይ መጀመሪያ ቢግስ፣ ቀጥሎ ዌጅ የሚባሉ ወታደሮች ይመጣሉ። ኤልቮሬት የሚገባው ያው ውጊያ ሳይቋረጥ ነው። መሀል ላይ ዕረፍት የለም። ስለዚህ ወታደሮቹ ሳሉ ተፈወሱ። ኤልቮሬት ላይ ድሮው ስትል ተንደር፣ ኪዩር (ፈውስ)፣ ደብል (በአንድ ተራ ሁለት ማጂክ የሚያስጠቅም) እና ሳይረን ይመጡልሃል። ሳይረንን መጀመሪያ ውሰድ። ድሮው የሚያደርገው ሰው የማጂክ መጠን ዝቅ ካለ ሙከራው ሊከሽፍ ይችላል፤ ቢከሽፍ ምንም አትሆንም፣ ደጋግም። እሷ እጅህ ሳትገባ ግን ኢፍሪትን አትጥራ፣ ሊሚት ብሬክ የሚባለውን ኃይለኛ ልዩ ጥቃትም አትጠቀም፤ ኤልቮሬት ከሞተ በኋላ ድሮው የለም። ስቶርም ብሬዝ የሚባለው ጥቃቱ ሦስታችሁንም አንድ ላይ ይመታል። ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ሲወርድ የራሱን ኪዩር ከላዩ ላይ እየሳብክ እዚያው “ካስት” (አሁኑኑ ተጠቀም) በለው፤ ከራስህ ክምችት አንድም አይጎድልም።

ሳይረን ከተያዘች በኋላ ቶሎ አትጨርሰው። ደብልን ለሦስቱም እስከ 100 ሙላ። አንድ ድሮው ቢበዛ 9 ስለሚሰጥ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ያዋጣል። ውጊያው እንዳለቀ የ30 ደቂቃው ሰዓት ይጀምርና ወደ ባሕሩ ዳርቻ መሮጥ ነው።

ቴንት_ነጋዴ
“ጉዳቷ ትንሽ ነው” የሚለው እውነት ነው፤ ለጉዳት ከሆነ ኢፍሪት ይሻላል። ሳይረን የምትወደደው በምታስተምረው ነው። መጀመሪያ ኤል ማግ-አርኤፍን አስተምራት፤ 30 ኤፒ (ከውጊያ የሚገኝ የመማሪያ ነጥብ) ብቻ ነው። ይህ ችሎታ ዕቃን ወደ ፈውስ ማጂክ ይቀይራል፤ 1 ቴንት (ድንኳን) 10 ኩራጋ (ከፍተኛ የፈውስ ማጂክ) ይሆናል። ቴንት በሱቅ 1,000 ጊል (የጨዋታው ገንዘብ) ነው። ስለዚህ በ10,000 ጊል አንድ ሰው 100 ኩራጋ ይይዛል፤ ያንን ኤችፒ ላይ ስታያይዘው (የማጂክ ክምችት የተያያዘበትን አቅም ያሳድጋል) 2,200 ኤችፒ ይጨምርለታል። በዚያ የጨዋታው ክፍል ይህን የሚያህል ጭማሪ በቀላሉ አታገኝም። ሳይረን ራሷ ኤችፒ-ጄ (ማጂክን ኤችፒ ላይ የሚያያይዘው ችሎታ) የላትም። ለዚያ ሰውየው ኬትዛኮትልን ወይም ኢፍሪትን መያዝ አለበት። ኤፒ የሚደርሰው ደግሞ ውጊያ ላይ ካለ ሰው ጋር ለተያያዘ ጋርዲያን ፎርስ ነው፤ ሳይረንን ሜኑ ውስጥ ትተህ ትማራለች ብለህ አትጠብቅ።

ቀጥሎ ትሪትመንትን አስተምራት። የአንድን ሰው መርዝ፣ ዕውርነት፣ ዝምታ ያለ ምንም ወጪ ያነሳል። ሙቭ-ፋይንድም አለ፤ የተደበቁ የድሮውና የሴቭ ቦታዎችን ያሳያል።

አቤል_ጆይስቲክ
በጣም አመሰግናለሁ። ኤችፒ ላይ ያያያዝኩትን ኩራጋ ውጊያ ላይ ብጠቀምበትስ?

ቴንት_ነጋዴ
አታድርገው። ጭማሪው በክምችቱ ብዛት ይወሰናል፤ ከ100 ላይ 20 ከተጠቀምክ የኤችፒህ ጣሪያ አብሮ ይወርዳል። ብዙዎች “ገጸ ባሕሪዬ ደከመ” የሚሉት በዚህ ነው። ለፈውስ ኪዩርን ለብቻ ያዝ፤ ኩራጋው ካልተያያዘ ሌላ ሰው ላይ ይቀመጥ።

ሄለን_ዘ_አቴና
እህታችሁ ስለ አፈ ታሪኩ ትጨምር። በሆሜር ኦዲሲ ውስጥ ኦዲሴዎስ የባልደረቦቹን ጆሮ በሰም ደፍኖ እሱ ከምሰሶው ጋር ታስሮ ያልፋል። ሰምቶ ወደ እነሱ የሄደ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሆሜር መልካቸውን አይነግረንም፤ የወፍ ገላና የሴት ራስ የምናየው በግሪክ የሸክላ ሥዕሎች ላይ ነው። ጨዋታው ባሕሩን፣ በገናውንና ላባውን ከዚያ ወስዷል። ጥቃቷ “ሳይለንት ቮይስ” ነው፤ ጠላቶችን ሁሉ ይመታል፣ ዝምታም ይጥልባቸዋል። ለእኔ ውርሱ እዚህ ላይ አልጠፋም፦ የጥንቷ ሳይረን ሰሚውን ከመቅዘፍ ታስቆመዋለች፣ ይህቺ ደግሞ ድግምት ከመድገም። ዝም የተባለ ጠላት ማጂክ ስለማይጠራ፣ በማጂክ ብቻ የሚዋጋ ከሆነ ባዶ ይቀራል። ዝምታ የማይነካቸው ብዙ ቦሶች (ዋና ዋና ጠላቶች) ስላሉ ግን እዚያ ላይ ተራህን አታባክን።

ስትጠራትም ጠባቂነቷ እውነተኛ ነው። እስክትመጣ ድረስ መለኪያው እየቆጠረ ሳለ በጠሪው ላይ የሚመጣውን ምት የምትቀበለው ሳይረን ናት፤ ከኤችፒዋ ይቀነሳል። ዜሮ ከገባች ጂ-ሪተርነር በሚባለው ዕቃ ታስነሳታለህ። ቡስትን (የጥቃቷን ኃይል የሚያሳድገውን ችሎታ) ከተማረች በኋላ በመጀመሪያው የፕሌይስቴሽን እትም ሴሌክትን ይዘህ ስኩዌርን ደጋግመህ ስትመታ ኃይሏ ከ75 ተነስቶ እስከ 250 ይወጣል። የእጅ ምልክቱ ላይ የኤክስ ምልክት ሲታይ እጅህን አንሣ፤ ያን ጊዜ አንዴ ከነካህ ወደ 75 ይመለሳል። በኮምፒውተር ከሆነ ቁልፎቹን ከሴቲንግ ላይ እይ።

ሊና_ጋርደን
የረሳሁት ጥያቄ ነበር፤ ካመለጠችህ በመጨረሻው የኧልቲሜሺያ ቤተ መንግሥት ትራይ-ፖይንት ከሚባለው ቦስ ላይ ትገኛለች። ግን እዚያ እንደገባህ ድሮውን ጨምሮ 8 ነገሮች ይታሸጋሉ፤ አንድ ቦስ ስትገድል የምትከፍተው አንድ ማኅተም ብቻ ነው። ትራይ-ፖይንትን ከመንካትህ በፊት ሌላ ቦስ ገድለህ ድሮውን ክፈት፤ አለበለዚያ ሳይረን ፊት ለፊትህ ሆና ልትስባት አትችልም።