ብርቱካን ላይ የበቀለ ተቀጽላ፦ ልንቀለው ወይስ ልቁረጠው?

የአዘዞዋ፦ ግቢያችን ያለው ብርቱካን ላይ ሦስት ቦታ ተቀጽላ በቅሏል። ሁለቱ አውራ ጣት በሚያክል ቅርንጫፍ ላይ ናቸው፤ ከእነሱ ወዲያ ያለው ጫፍ ደርቋል። ሦስተኛው ዋናው ግንድ ላይ ነው። ግንዱን ደግሞ ግራጫ የዛፍ ሽበት (ሊከን) ወርሶታል። ዛፉ ሊሞት ነው?

የጓሮ ሰው፦ ሽበቱን ተዪው፤ ቅርፊቱ ላይ ከመቀመጥ በቀር ከዛፉ የሚወስደው የለም፣ በከንቱ ይታማል። ጥፋቱ የተቀጽላው ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ምግቡን በአብዛኛው ራሱ ይሠራል፤ ውኃውንና ማዕድኑን ግን እንጨቱ ውስጥ በሰደደው መምጠጫ ከዛፉ ይስባል። በበጋ ዛፉ ውኃ ለመቆጠብ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሲዘጋ፣ ተቀጽላው ማትነኑን አያቆምም። ጫፉ የደረቀው ውኃው እሱ ጋ ስለሚቀር ነው። በሦስት ተቀጽላ ዛፉ አይሞትም፤ ከበዛና ድርቅ ከተጨመረበት ግን ይሞታል።

ደምቢያ፦ በእጅ መንቀል አይበቃም?

የጓሮ ሰው፦ አይበቃም። መምጠጫው እንጨቱ ውስጥ ስለሚቀር መልሶ ያቆጠቁጣል። ሁለቱን ቅርንጫፎች ተቀጽላው ከበቀለበት እብጠት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ግንዱ ዝቅ ብለሽ ቁረጪ፤ መምጠጫው በውስጥ ከሚታየው በላይ ይሄዳል። 30 ከሌለው ከመነሻው ይውጣ፤ የመነሻውን አንገት (ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ያበጠውን ቀለበት) ግን አትንኪ፣ ቁስሉ የሚድነው በእሱ ነው። መጋዙን በአልኮል ጥረጊ። በክረምት አትቁረጪ፣ ቁስሉ ይበሰብሳል።

ችግኝ፦ የግንዱን በተመለከተ፦ ተቀጽላውን ከቅርፊቱ እኩል ላጪው፤ አትቆፍሪ። ከዚያ ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ላስቲክ ጠቅልለሽ እሰሪ። ያለ ብርሃን ይሞታል፣ ግን እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ግንዱ ሲወፍር ማሰሪያው እንዳያንቀው በየጊዜው አላልተሽ እሰሪው፤ ላስቲኩ ከተቀደደም ቀይሪ።

የአዘዞዋ፦ የአረም መድኃኒት ብረጭበትስ?

ችግኝ፦ በፍጹም! ብርቱካኑም ቅጠል አለው፤ መድኃኒቱ አይመርጥም።

ደምቢያ፦ የተቆረጠው ይቃጠል?

ችግኝ፦ ግዴታ አይደለም፤ መሬት ላይ አይበቅልም። ፍሬ የያዘ ከሆነ ግን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ወፎች ፍሬውን በልተው የሚያጣብቀውን ዘር ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ይጠርጉታል፤ የሚዛመተው በዚህ ነው። ስለዚህ ፍሬው ሳይበስል ብትቀድሚው ይሻላል። አጥሩ ላይ ግራር ካለም ቀና ብለሽ እዪ፤ እዚያ ካለ ብርቱካኑን ብቻ ማጽዳት ልፋት ነው።

የጓሮ ሰው፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቅርንጫፍ ሲነሳ ጥላ የለመደው ቅርፊት በፀሐይ ይቃጠላል። የተገለጠውን በውኃ በተበጠበጠ ኖራ ቀቢው። በበጋም ውኃ አጠጪው፣ ግን ግንዱ ሥር አይቋጠር፤ ከቅርንጫፎቹ ጥላ ዳር ዳር ይፍሰስ።