«ቃል ጠበቁ ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ይበቃል?

አራት ኪሎ፦ ትናንት እዚሁ መወያያችን ላይ አንዳችን «ፖለቲከኛ ቃሉን አይጠብቅም፣ አለቀ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ቢጠብቅስ? ፖሊሲው ምን እንደሚያመጣ ባለሙያውም አያውቅም» አለ። እኔ ሁለት ነገር የተደባለቀብን ይመስለኛል። እሠራዋለሁ ያሉትን መሥራት አንድ ነገር ነው። የተሠራው ነገር ያመጣል የተባለውን ማምጣቱ ሌላ ነው። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር እዩት። ይሠራል ተባለ፣ ተሠራ፣ መስከረም 2008 ሥራ ጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና በብድር የመጣ። ቃሉ ተጠብቋል። የትራንስፖርት ችግሩስ ተቃለለ?

ልደታ፦ ለዚህ እኔ ልመልስ፣ ሐዲዱ በሰፈሬ ነው የሚያልፈው። ትኬቱ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። መለዋወጫው ግን ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው፣ ብድሩም የሚከፈለው በዶላር ነው። በብር እየሰበሰብክ በዶላር የምትከፍል ከሆነ ብሩ በወረደ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ከ41ዱ ባቡሮች ግማሹ እንኳ የማይሠራበት ጊዜ መጣ። ይሄን ቀድሞ ለማየት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር፣ ገቢና ወጪውን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ያየው ነበር።

መርካቶ፦ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የትንበያ ነገር ኪሴን ስለነካው ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ባንክ ውስጥ ከ57 ብር ወደ 74 ዘለለ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጎረቤቶቼ ሁሉ በር ላይ ቆመዋል። አንዱ «ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆናል፣ እንዳትሸጥ» ይላል። ሌላው «ኧረ ምንም አይነካን፣ ድሮም በጥቁር ገበያ ዶላር ነው የምናመጣው» ይላል። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው፣ ድምፁ ይበልጥ ነበራ። 60 ካርቶን ሻምፖ አውርጄ መጋዘን ቆለፍኩበት። ሁለት ወር ተቀመጠ። ዋጋው ግን ያሰብኩትን ያህል አልወጣም፣ የመጋዘኑን ኪራይ ከኪሴ ከፈልኩ። በዚያው ሰሞን ለአባቴ የስኳር መድኃኒት ልገዛ ብሄድ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ብልቃጡን በእጄ ይዤ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሻምፖው ድሮም የገባው በጥቁር ገበያ ዶላር ነው፣ ዋጋው ቀድሞ ወጥቷል። መድኃኒትና ነዳጅ ግን በባንክ ዶላር ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ ጭማሪው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቤንዚንም በ2017 ጥር ሲገባ ከ100 ብር አለፈ። ሁለቱም ጎረቤቶቼ ልክ አልነበሩም። ልክ የሚሆነው «የትኛው ዕቃ?» ብሎ የጠየቀው ነበር።

ካዛንቺስ፦ ወንድሜ፣ አባትህን ይማርልህ። ግን ባለሙያን ሁሉ በአንድ ከረጢት አንክተት። ያኔ «ግሽበቱ ይፈነዳል» ያሉ ብዙ ነበሩ። ይፋዊው ቁጥር ሐምሌ 2016 ላይ 18.6 በመቶ ነበር፣ ከዓመት በኋላ 14 በመቶ ገደማ ሆነ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ቁጥር ሲቀንስ ቀነሰ እላለሁ።

ልደታ፦ እህቴ፣ ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም እኮ። ዋጋው አሁንም ይወጣል፣ የሚወጣበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። በ100 ብር ትገዢው የነበረ ዕቃ መጀመሪያ 118 ሆነ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ 14 በመቶ ተጨመረ፣ 135 ገባ ማለት ነው። ደመወዜ በዚያ ልክ አልሄደም። ተንባዩ ቁጥሩን ሊያገኘው ይችላል፣ እኔ ምን እንደምበላ ግን አልነገረኝም።

ካዛንቺስ፦ እሱ እውነት ነው። ተቀብያለሁ።

ቸርችል፦ ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው። ዒላማው ከላይ ይመጣል፣ እኛ ወደ ታች እናካፍላለን። «ይቻላል ወይ?» ብሎ የጠየቀን የለም። «በየሩብ ዓመቱ ስንት ስንት ይሁን?» ነበር ጥያቄው። በ2003 የወጣው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ይመረታል ይል ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ምርቱ የዚያን ሩብ እንኳ አልሞላም፣ እኛም ሸማቾች ደጃፍ ዘንቢል ይዘን ተሰለፍን። የህዳሴ ግድቡ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀመረ፣ በአምስት ዓመት አካባቢ ያልቃል ተብሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። እሱን ቃል ተበላ አልለውም። ተፈጽሟል፣ ዘግይቷል። የስኳሩ ግን ከመነሻውም ዕቅድ አልነበረም፣ ምኞት ነበር። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አልወድም።

አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ በቃል ልገልጸው ያቃተኝን ነው የነገሩን። አንድ ልጨምር። በ12 አገሮች የተካሄዱ 57 ምርጫዎችን ወስደው ከ20 ሺህ በላይ የምርጫ ቃሎችን አንድ በአንድ የቆጠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ብቻቸውን የሚገዙ ፓርቲዎች ከጥምር መንግሥታት የበለጠ ቃላቸውን ይፈጽማሉ፣ በአጠቃላይም ሰው ከሚገምተው በላይ ይፈጸማል ነው ያሉት።

መርካቶ፦ እነዚያ አገሮች ቆጣሪ አላቸዋ! ተቃዋሚ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ ማኒፌስቶውን አውጥቶ «ገጽ ይሄ ላይ ምን ብለህ ነበር?» የሚል አለ። እኛ ጋ ፓርቲው ሲመሠረት ያሳተመውን ወረቀት ማን አስቀምጦታል?

አራት ኪሎ፦ እሱ ነው ዋናው ነገር። ቃሉ ቁጥርና ቀን ከሌለው ማንም ሊቆጥረው አይችልም። «ሥራ አጥነትን እንቀርፋለን» የሚል ቃል ሊፈርስም ሊጠበቅም አይችልም፣ እንዲሁ ይንሳፈፋል። ለተንባዩም መለኪያው ይኸው ነው። ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባል አሜሪካ የሚኖር ምሁር ወደ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ 284 ባለሙያዎችን «ይህ የመሆን ዕድሉ ስንት በመቶ ነው?» እያለ መልሳቸውን መዝግቦ ያዘ፣ ጊዜው ሲደርስ አመሳከረ። ብዙዎቹ በዘፈቀደ ከሚገምት ብዙም አልተሻሉም። በሚዲያ ዝነኛ የሆኑት እንዲያውም ባሱ። የተሻሉት በአንድ ትልቅ ሐሳብ የማይታሰሩ፣ «ምናልባት» የሚሉ፣ ሲሳሳቱ የሚያርሙ ናቸው። እኛ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ የምንጋብዘው እርግጠኛውን ነው፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

ካዛንቺስ፦ ታዲያ ማንን እንመን ነው የምትለው?

አራት ኪሎ፦ መንገዱን የሚያሳየኝን። ዶላሩ በየት በኩል አልፎ መድኃኒቱ ጋ እንደሚደርስ የሚነግረኝን፣ ቀን ቆርጦ የሚጽፈውን፣ ቀኑ ሲደርስ ተመልሶ የሚመጣውን። ፕሮፌሰር ይሁን ሱቅ ጠባቂ ግድ የለኝም።

ቸርችል፦ እንግዲህ ከራሳችን እንጀምራ። እዚሁ ጻፉ፣ እኔ በደብተሬ እይዛለሁ።

መርካቶ፦ የእኔን ይያዙልኝ ጋሼ። አንድ ካርቶን ሻምፖ ዛሬ የሸጥኩበትን ዋጋ በውስጥ እልክልዎታለሁ። እስከ ፋሲካ 10 በመቶ አይጨምርም። ምክንያቴ፦ ዕቃ ሞልቷል፣ ገዢ ነው የጠፋው፣ ባለፈው ወር ዱቤ ያልጠየቀኝ ደንበኛ በጣት የሚቆጠር ነው። ከፋሲካ ማግስት እዚሁ እመጣለሁ፣ ተሳስቼም ቢሆን።