«ቆጥቦ የሚጠቀም አይጎዳም»? በጋራ ቆጣሪ ላይ የተነሣ ክርክር፣ ጎንደር

ተከራይ ከማራኪ፦ ስለ መብራት ታሪፍ በሰፈራችን በተካሄደ ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ «ቆጥቦ የሚጠቀም አይጎዳም» ሲሉ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። በግቢያችን አራት አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን፤ እያንዳንዳችን በወር ከ40 ኪሎዋት ሰዓት ባናልፍም ቆጣሪው የሚያነበው 160 ነውና፣ እስከ 50 ለሚጠቀም ቤተሰብ የታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ ቀርቶብን ከ100 በላይ ባለው እርከን እንከፍላለን። ከዚህ ወዲያ ምን እንቆጥብ?

አከራይ ከአራዳ፦ አባባሉ ያለ አግባብ ተነቅፏል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚጨምረው ታሪፍ ብዙ የሚጠቀመውን አብልጦ ስለሚያስከፍል፣ የውኃ ማሞቂያና ትልቅ ፍሪጅ ያለው ቤት የድሃውን ጫና እንዲጋራ ያደርጋል። ሁሉም እኩል ይክፈል ቢባል ይሻል ነበርን?

መምህርት ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ እርከን መኖሩን ማንም አልተቃወመም፤ የተባለው ቆጥቦም የሚጎዳ ሰው አለ ነው። 3.5 ኪሎዋት ገደማ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት አራት ሰዓት ቢሠራ በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ አምፖል ሁሉ ቢጠፋ እንኳ እንዲህ የሚጋግር ቤት ከ50 በታች አይቀርም። ስለዚህ ቆጥቡ ሲባል ድሃዋ እናት ወደ ማገዶና ወደ ጭሱ ትመለሳለች፤ ባለ ቪላው ግን የሚቀንሰው ከትርፉ ነው።

አከራይ ከአራዳ፦ «ምርጥ» የሚባል የእንጀራ ማገዶ ምድጃ አለ እኮ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

መምህርት ከአዘዞ፦ ከሲሚንቶ የሚሠራውን ምድጃ ማድ ቤት የሌለው ተከራይ የት ይትከለው?

ነጋዴ ከፒያሳ፦ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ከተመረቀ በኋላ፣ ቦንድ የገዛው ሕዝብ ዛሬም ቆጥብ መባሉ አይዋጥልኝም።

አከራይ ከአራዳ፦ ኃይል ማመንጨትና እስከ ሰፈር ማድረስ የተለያዩ ናቸው። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ የሚጨነቀው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው።

ተከራይ ከማራኪ፦ ወደ ቆጣሪው እንመለስ። ለብቻ ቆጣሪ ለማስገባት የሚጠየቀው የይዞታ ማረጋገጫ ያለው በአከራይ እጅ ነው። እርስዎ ለተከራዮችዎ ያመለክታሉን?

አከራይ ከአራዳ፦ ወጪውን እነሱ ከሸፈኑ አመለክታለሁ።

ተከራይ ከማራኪ፦ ቤቱን ስንለቅ ቆጣሪው ለእርስዎ ይቀራል፤ ስለዚህ ወጪው ከኪራዩ ሊታሰብልን ይገባል።

አከራይ ከአራዳ፦ በዚህ አልስማማም።