ልጄ የወር አበባዋን ከማየቷ በፊት ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ ይንገራት?

የሐይቅ ዳሩ አባት (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። አሥር ዓመት ከመንፈቅ የሆናት፣ አምስተኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጅና የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። እናታቸው ለሥራ ቤይሩት ከሄደች ሦስት ዓመት ስላለፋት ልጆቹን የማሳድገው ከእናቴ ጋር ነው። ሰሞኑን ልጅቷ በአንድ በኩል ደረቷ ላይ ምስር የምታህል ጠጣር ነገር እንደወጣችና ስትነካ እንደምታማት ለአያቷ ነግራ ኖሮ፣ እናቴ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠርታኝ «ልጅህ መድረሷ ነው፤ እወቅበት» አለችኝ። «ታዲያ አንቺ ንገሪያት» ብላት ግን «እኛን ማን ነገረን? ሲመጣ ታውቀዋለች» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

እኔ ሲመጣ እንድታውቀው አልፈልግም። ልጆች ሳለን ታናሽ እህቴ የመጀመሪያዋን ደም ባየች ጊዜ የምትሞት መስሏት ጓሮ ካለው እንሰት ሥር ተደብቃ ስትፈለግ እንደዋለች አስታውሳለሁ። ለምን እንደተደበቀች ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ የገባኝ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው።

ባለቤቴ በስልክ ልትነግራት ፈቃደኛ ናት፤ ሆኖም የምንደዋወለው እሁድ እሁድ፣ ሁላችንም አንድ ስልክ ከበን ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ አይመችም። ስለዚህ ልምድ ያላችሁን እጠይቃለሁ፦ ጊዜው አሁን ነው ወይስ ገና ነው? አባት ይህን ለሴት ልጁ ቢነግር ከነውር ይቆጠራል? ከየትኛው ቃልስ ልጀምር?

ነርስ ከአቶቴ፦

ወንድሜ፣ ጊዜው አሁን ነው። እናትዎ በትክክል አይተዋል፤ ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያው የወር አበባ በአብዛኛው በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ይመጣል፤ ከመምጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም ልጅቷ የውስጥ ሱሪዋ ላይ ነጣ ያለ ፈሳሽ ማየት ትጀምራለች። ብዙዎቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ያዩታል፤ በ9 ዓመቷ የምታይም አልፎ አልፎ ትገጥመናለች። ደረቷ በአንድ በኩል ቀድሞ መውጣቱና ሲነካ ማመሙ የተለመደ ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት ይህንኑ ነግረው ያረጋጓት፤ አንዳንድ ልጆች ዕጢ የወጣባቸው መስሏቸው ብቻቸውን ይሰጋሉ።

ለልጅ የሚበቃው ማብራሪያ አጭር ነው። «የሴት ልጅ ማህፀን ምናልባት ፅንስ ቢያድርበት ብሎ በየወሩ ውስጡን ስስ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ፅንስ ከሌለ ምንጣፉን አንሥቶ በደም መልክ ያወጣዋል፤ ቁስልም በሽታም አይደለም» ቢሏት ይገባታል። ሰው የሚረሳው የደሙን መልክ መንገር ነው። የመጀመሪያው የወር አበባ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ቀይ ደም ሳይሆን እንደ ቡና አተላ ያለ ቡናማ እድፍ ሆኖ ስለሆነ፣ ደም ብቻ እንድትጠብቅ የተነገራት ልጅ ሰገራ ያመለጣት መስሏት ልብሷን ትደብቃለች። መጠኑም ያስደነግጣቸዋል፤ በጠቅላላው የሚፈሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ቀኑ ስለሚዘበራረቅ በ21 ቀንም ተመለሰ በ45 ቀን አትደንግጡ።

አባት ቢነግር ነውር የለውም። ጤና ጣቢያ ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ «የመጣነው ለእሷ ጉዳይ ነው» ብለው በር ላይ የሚቀሩ አባቶችን አያለሁ፤ ገብተው ቢቀመጡ ልጅቷ የበለጠ በተናገረች ነበር።

የታቦር ሥር ልጅ፦

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አባትየው ትምህርቱን ከማስፈራሪያ ጋር እንዳያቀላቅሉት እለምናለሁ። አክስቴ ለእኔ የነገረችኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ከእንግዲህ ወንድ ከነካሽ ታረግዣለሽ» አለችኝ፣ አለቀ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ክርኑ ክርኔን ሲነካኝ፣ ሹፌሩን አስቁሜ ወርጄ ከፒያሳ እስከ ሰፈራችን ድረስ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ሄድኩ፤ ለሳምንት ያህልም ሆዴን ስዳብስ ሰነበትኩ። የወር አበባ ማየት የጀመረች ልጅ ልትፀንስ እንደምትችል መደበቅ አይገባም፤ ነገር ግን ፅንስ በምን እንደሚመጣ ሳይነገራት ፍርሃቱ ብቻ ከተሰጣት፣ እውነተኛ አደጋ ሲመጣ የምትለይበት ዐይን አይኖራትም።

ስለ ቃሉ ለጠየቁት ደግሞ፣ «አደፍ» ከማለት ቢቆጠቡ መልካም ነው። ቃሉ ከማደፍ፣ ከመቆሸሽ የመጣ ሲሆን፣ «የወር አበባ» የሚል ያማረ ስም እያለን ልጅቷ ስለ ገላዋ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል እድፍ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሞዴስ ሲገዙም ይዘዋት ይሂዱ። ባለሱቁ ሳይጠየቅ በጥቁር ፌስታል ሊጠቀልለው ሲነሣ «ከሳሙናው ጋር አብረህ አድርገው» ቢሉት፣ ልጅቷ ከዚያ የምትማረው እኛ ከምንጽፈው ሁሉ ይበልጣል።

መምህርት ኤም፦

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ በትምህርት ሰዓት መጥቶባት፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስሬላት ሞዴስ ሰጠኋት። ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ አረማመዷ ስላላማረኝ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት፤ ለካስ የሚጣበቀውን ገጽ ወደ ላይ፣ ወደ ገላዋ አድርጋ ነው የለበሰችው። የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ሳላሳያት የላክኋትም እኔው ነኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከንግግሩ ይልቅ እጇ ይልመድ። አንድ ሞዴስ ይክፈቱላት፤ ከጀርባው ያለውን ወረቀት ልጣ አዲስ የውስጥ ሱሪ ላይ ትለጥፈው፤ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ታፍስበትና ምን ያህል እንደሚይዝ በዐይኗ ትየው። ደብተር መያዣዋ ውስጥ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሁለት ሞዴስ፣ ትርፍ የውስጥ ሱሪ፣ ቁራጭ ሳሙናና ያገለገለውን የምትጠቀልልበት ፌስታል ይኑራት፤ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ውሃ ሁልጊዜ አይኖረውምና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ቢጨመር አይከፋም። ያገለገለ ሞዴስ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንደማይጣልም ትወቅ። ሞዴስ የምታስቀምጠው መምህርት ማን እንደሆነችም አስቀድማ ትጠይቅ።

በየወሩ መግዛት ለሚከብደው ቤተሰብ እየታጠበ የሚሠራ አለ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ በልጇ ስም ማርያም ሳባ ብላ ያቋቋመችው ፋብሪካ የሚያመርተው እንዲህ ያለውን ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተመረጠችውም በዚሁ ሥራዋ ነው። የሚታጠበው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ (ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል)፣ ቀጥሎ በሳሙና ሲሆን፣ ሐፍረት ብለው ፍራሽ ሥር ከማድረቅ ይልቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግድ ነው።

የሐይቅ ዳሩ አባት (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሱቅ ሄደን ገዛን፤ መምህርቷ እንዳሉትም ጠረጴዛ ላይ ለጥፋ ውሃ አፈሰሰችበት። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና እንዳላየች ስታይ ቆይታ በመጨረሻ ተጠጋችና «በእኛ ጊዜ እኮ ያረጀ ነጠላ ነበር የምንቀደው» ብላ ጀመረች፤ ሁለቱን ትቻቸው ወጣሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ልጅቷን በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ ማለቷ አይቀርም፤ ይህን ቅር ሳይላት እንዴት ልንገራት? ወንድሟስ ማወቅ አለበት?

የሁለት ሴቶች እናት፦

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ትልቋ ልጄ አስቀድሜ ስላልነገርኋት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ሰዉ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ሲገባ እጇን ይዤ «አንቺ እዚሁ ቆይ» አልኳት። የበደለችው ነገር ያለ ይመስል ዐይኗ እንባ ሞላ። ለታናሿ ግን ገና ሳታይ ነገርኋት፤ በዚያ ሰሞን ወደ ውስጥ እንደማይገባና እንደማይቆረብ፣ ይህ የቆየ ሥርዓት እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ፣ በዐውደ ምሕረቱ ቆማ ከመጸለይ የሚከለክላት እንደሌለ ነገርኋት። ቀኑ ሲደርስም ብቻዋን አልተውኳትም፤ አብሬያት ዛፉ ሥር ቆሜ አስቀደስኩ። ሙስሊም ጎረቤቴም ለልጇ የነገረቻት አስቀድማ ነው፤ በእነሱ ዘንድ በዚያ ሰሞን ሶላትም ጾምም ይቀራል፤ የረመዳኑ ጾም በኋላ ቀዷ ይወጣል፣ ማለትም በሌላ ቀን ተጹሞ ይካሳል፣ ሶላቱ ግን አይካስም። በየትኛውም እምነት ልጅቷን የሚያስከፋት ሥርዓቱን በሰው ፊት፣ በድንገት መስማቷ ይመስለኛል።

መምህርት ኤም፦

ወንድሟ ማወቅ አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። በየዓመቱ ግንቦት 20 የዓለም የወር አበባ ንጽህና ቀን ሲከበር ወንዶቹን ከክፍል አስወጥተን ሴቶቹን ብቻ የማስተማር ልማድ ነበረን። ውጭ የቆዩት ወንዶች ያልሰሙትን በግምት ያሟሉታል፤ ልጃገረዶቹን ለወራት የሚያሾፉባቸውም በዚያው ግምት ነው። ለልጅዎ «እህትህ አንድ ቀን ልብሷ ላይ ደም ብታይባት ሹራብህን ስጣት፣ ለማንም አታውራ» ይበሉት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ኃላፊነት ሲሰጡት ደስ ይለዋል።

ነርስ ከአቶቴ፦

የጎደለውን ልጨምር። በሐዋሳ ሙቀት ሞዴስ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ መቀየር አለበት፤ ባይሞላም ይቀየር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙዎቹን አያማቸውም፤ ሕመሙ የሚበረታው ብዙ ጊዜ እንቁላል በየወሩ መውጣት ሲጀምር፣ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ስለሆነ «ድሮ አያማትም ነበር፣ ምን ነካት?» ብለው አይጨነቁ። ሙቅ ውሃ በላስቲክ መያዣ ሆዷ ላይ ማድረግ ያስታግሳል፤ አይቡፕሮፌን የሚያስፈልጋት ከሆነ መጠኑን ፋርማሲ ጠይቀው፣ ምግብ ከበላች በኋላ ይስጧት። ሞዴሱ በየአንድና በየሁለት ሰዓቱ የሚርስ፣ ከሰባት ቀን የሚያልፍ ወይም የሚያዞራት ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ያምጧት። እስከ 15 ዓመቷ ድረስ ካላየችም እንዲሁ ያምጧት፤ ከዚያ በፊት ግን የክፍል ጓደኞቿ ስለቀደሟት ብቻ አትጣደፉ።