ለእህቴ ድሬዳዋ ላይ ክፍል ልከራይ ነው፤ ከዋጋው በፊት ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ወንድም ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ፋርማሲ ልትማር ተመዝግባለች። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ መድቧት ቢሆን ኖሮ መኝታውም ምግቡም ግቢ ውስጥ ስለሚሆን ባላስቸገርኳችሁ ነበር፤ ይህ ኮሌጅ ግን ማደሪያ የለውም። ትምህርቷ ከዚራ በሚባል ሰፈር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ትቆያለች።

ለቤት፣ ለምግብና ለመጓጓዣ ተደምሮ በወር 9,000 ብር እንልክላታለን። አባታችን ጡረተኛ ስለሆነ ከዚያ በላይ አንችልም። በስልክ ያገኘሁት ደላላ ሁለት ክፍል ነግሮኛል። አንዱ ከዚራ ውስጥ ሆኖ 5,500 ብር ነው። ሁለተኛው ደቻቱ ከሚባል ወንዝ ዳር ነው፤ 2,300 ብር፣ ለብቻዋ የሆነ፣ ንጹሕ፣ ውሃ የማይቋረጥበት ብሎኛል። ነገር ግን የስድስት ወሩ ባንድ ጊዜ ይከፈል ተብሏል። ልቤ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል፤ ብሩንም ልልክ ስል እናቴ "ዓይንህ ላላየው ቤት አትክፈል" ብላ ያዘችኝ። ድሬዳዋን የማውቃት በባቡሯ ዝና ብቻ ነው። የት ሰፈር ልፈልግ? ምን ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ አከራይዋ ከከዚራ

ልጄ፣ እናትህን ስማት፤ ብሩን አትላክ። እኔ ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ለተማሪ ሳከራይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከደጋ የሚመጣ ወላጅ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በሩ በደንብ ይቆለፋል? መታጠቢያ አለው? ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚያይ ግን አላጋጠመኝም። እናንተ ዘንድ ቤት የሚሠራው ብርድ እንዳይገባ ነው፤ እኛ ዘንድ ሙቀት እንዳይገባ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ድሬ 1,200 አካባቢ። እህትህ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ ነው የምትመጣው።

ኮርኒስ የሌለው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ክፍል በግንቦትና በሰኔ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ምጣድ ነው። ሲመሽም ወዲያው አይበርድም፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋው ያድራል። አምና ሌላ ቦታ ተከራይታ የነበረች ልጅ ፍራሿን ወደ በረንዳ እያወጣች፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ፈተናዋን አበላሽታ ነው ወደ እኔ የመጣችው።

ስለዚህ ክፍሉን የሚያይልህ ሰው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ በሩን ዘግቶ አሥር ደቂቃ ይቀመጥበት። ደላላ በጠዋት ሊያሳይህ ይፈልጋል፤ በጠዋትማ የትኛው ክፍል ክፉ ነው? ያ ሰዓት ድሬ የምታርፍበት ወይም ጫት ላይ የምትቀመጥበት ስለሆነ አስቀድመህ ለአከራይዋ ደውልላት፤ ድንገት ሄደህ ብትቀሰቅሳት ታኮርፍሃለች። ከበሩ ትይዩ መስኮት መኖሩን እይ፤ ነፋስ ገብቶ የሚወጣበት ያስፈልገዋል። ግቢው ውስጥ ጥላው ክፍሉ ላይ የሚያርፍ የኒም ዛፍ ካለ ደግሞ ሁለትና ሦስት መቶ ብር ብትጨምርም አይቆጭህ።

ወንድም ከደብረ ብርሃን

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእርስዎ ግቢ ውስጥ የሚለቀቅ ክፍል ይኖር ይሆን?

አከራይዋ ከከዚራ

ሦስቱም ተይዘዋል። ደግሞ ምነው "እርስዎ" አልከኝ፣ የሩቅ ሰው መሰልኩህ? ይህንንም ለእህትህ ንገራት። ድሬ ላይ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ "አንተ" ቢባል አይቆጣም፤ "እርስዎ" ያልከው እንደሆነ ግን ምን አጥፍቼ ነው የራቀኝ ይላል። አከራይዋ ገና በሩ ላይ "አንቺ" ስትላት የናቀቻት እንዳይመስላት።

መልስ፦ ባጃጅ ነጂው

ስለ 2,300 ብሩ ክፍል እኔ ልናገር፤ ደቻቱ ዳር ነው ያደግሁት። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። እህትህ መስከረም መጨረሻ ላይ ብትመጣ ሰው ሲሻገርበት፣ ገበያ ሲዘረጋበት አይታ ወንዝ ነው ቢሏት አታምንም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ግን ያ አሸዋ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሲሮጥ የሰማሁት ድምፅ የዝናብ አልነበረም፣ የድንጋይ ነበር። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳን ሊደርስ ይችላል።

ወንዝ ዳር ያለ ቤት ሁሉ አይከራይም አልልም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ አለ። ግን ጥያቄውን ለአከራዩ አታቅርብ። ሰፈሩ ውስጥ ካለ ሱቅ ለስላሳ ግዛና ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ፈልገህ "በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ውሃው እስከ የት ደርሶ ነበር?" በል። በእጁ ግድግዳው ላይ ያሳይሃል።

የመጓጓዣውን ሒሳብም አትርሳ። ለአንድ ጉዞ 15 ብር ነው ብንል፣ ደርሶ መልስ በቀን 30፣ በወር 26 ቀን ብትመላለስ 780 ብር ነው። ሁለት ባጃጅ የምትቀይር ከሆነ 1,560 ይሆናል። ክፍሉ በ700 ብር ረክሶ ሁለት ባጃጅ ካስያዘ ምኑን ረከሰ? ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ተሳፋሪ እየሳሳ ስለሚሄድ ኮንትራት የምትይዝበት ቀን ይኖራል። ለእኔ ሳቢያን ይሻላታል። ሰፈሩ ሰፋ ያለ ነው፣ ተማሪ ይበዛበታል፤ ዋናው አስፋልት አጠገብ ከሆነች በአንድ ባጃጅ ከዚራ ትደርሳለች። ወደ ውስጥ በገባች ቁጥር ግን ዋጋው ይቀንስና የማታው መንገድ ይረዝማል።

መልስ፦ ስድስት ወር የከፈልኩት

ስሜን ስታዩ ታሪኬን ገምታችሁታል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የስድስት ወር ቅድሚያ ከፈልኩ፤ በሦስተኛው ወር አከራዬ "የወንድሜ ልጅ ከገጠር መጣች፣ ክፍሉን ልቀቂ" አለኝ። የቀረውን ብር "ቀስ ብዬ" እንዳለ ተመረቅሁ። በእጄ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልነበረም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚለውን ልንገርህ፦ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ስለዚህ ያ ስድስት ወር ከሕጉ ውጭ ነው። ደላላህ "እዚህ ልማዱ ነው" ቢልህ፣ ልማዱማ እኔንም በልቶኛል።

መልስ፦ የሳቢያን ተከራይ

አዋጁን እኔም አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ለአንዲት ተማሪ ክፍል የሁለት ዓመት ውል እናስመዝግብ ስትል ግማሹ አከራይ በሩን ይዘጋብሃል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ከሁለት ወር በላይ በጭራሽ አልከፍልም፤ ብሩን በአከራዩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገባለሁ እንጂ ለደላላ እጅ በእጅ አልሰጥም፤ ምዝገባውን ቢያቅማሙ እንኳን ውሉን በጽሑፍ ሳላስፈርም አልገባም።

ስድስት ወር የከፈልኩት

አስመዝግቡ ሲባል በሩን የሚዘጋ አከራይ በኋላም በሩን ይዘጋብሃል። ቀድሞ ማወቁ ምን ጉዳት አለው?

የሳቢያን ተከራይ

ጉዳቱ ትምህርት በተጀመረ ሳምንት ሜዳ ላይ መቅረት ነው። ካገኘህማ ተመዝገብ፣ እኔ ምን ከፋኝ።

ውሉ ላይ መብራቱ እንዴት እንደሚታሰብ ይጻፍ። የድሬ ተከራይና አከራይ ጠብ ከኪራይ ይልቅ በቬንትሌተር ነው። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ክፍል ሲሆን ሒሳቡ በመጣ ቁጥር "ያንተ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ነው የሚያድረው" ይባላል። ወይ ለብቻ የሚቆጥር ይኑረው፣ ወይ በወር ቁርጥ ያለ ዋጋ ይነገር። እኔ ቬንትሌተሬን ከታይዋን ገበያ ነው የገዛሁት፤ ሻጩ ፊት ሩብ ሰዓት አስዞሬው ሞተሩን ከነካሁ በኋላ ነው ብሩን የሰጠሁት።

አከራይዋ ከከዚራ

ቬንትሌተሩ ምንም አይደለም። የሚያስለቅሰን ተደብቀው የሚያበስሉበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው!

መልስ፦ ነርሷ

"ውሃ የማይቋረጥበት" የሚለውን አንብቤ ፈገግ አልኩ። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ግቢው ሮቶ እንዳለውና ተከራይ ከሮቶው መቅዳት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠይቅ። ሮቶው ኖሮ ቧንቧው ወደ አከራዩ ቤት ብቻ የሚሄድበት ግቢ ብዙ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የውሃው ማጠራቀሚያ ነው። ውሃ ስለሚጠፋ ሁሉም በበርሜል ያስቀምጣል፤ በርሜሉ ክዳን ከሌለው ትንኝ ይራባበታል። በ2014 ዓ.ም. ወባ ድሬዳዋ ላይ የተነሣው ዝናብ በሌለበት በደረቁ ወራት ነበር፤ በብርቱ ከተጠቁት መካከልም የተማሪዎች ማደሪያ ይገኝበታል። ባለሙያዎች ያገኙት ከእስያ የመጣችውን አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባለውን ትንኝ ነው፤ እርሷ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፣ የከተማ በርሜልና ታንከር ይበቃታል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈውም እንዲሁ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ እርሷ ደግሞ በቀን ስለምትናከስ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይከላከላትም። እህትህ የደጋ ልጅ ስለሆነች ሰውነቷ ወባን አያውቀውም። ካተኮሳት ጉንፋን ነው ብላ ሳትተኛ በዚያው ቀን ትመርመር፤ ሳትመረመር አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትውጥ፣ ደንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳል። እስክትመረመር ፓራሲታሞል ይበቃታል። ፋርማሲ ልትማር ስለሆነ ምክንያቱን በኋላ እርሷ ታስረዳኛለች።

ውሃው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ስለሆነ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያዋ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ቢሠራ ተበላሸ ብላ አትጣለው፤ ሎሚ ጨምቃ ታፍላበት።

መልስ፦ ደባል ፈላጊ የነበርኩት

ማንም ስለ ደባል አላነሣም። ለብቻዋ 2,300 ብር ከሚወጣበት ጠባብ ክፍል ይልቅ 4,000 ብር የሚከራይ ኮርኒስ ያለው ሰፊ ክፍል ለሁለት ይሻላል። ግን ከደባሏ ጋር አስቀድመው የሚነጋገሩት ስለ እንግዳና ስለ መብራት ማጥፊያ ሰዓት ይሁን፤ ምግብ ሰዎች እንደሚፈሩት አያጣላም።

ስለ ምግብ ከተነሣ፦ እሑድ ወጥ ሠርቶ እስከ ረቡዕ መብላት የደጋ ልማድ ነው። እዚህ ጠዋት የተሠራ ወጥ ያለ ማቀዝቀዣ ማታ ይበላሻል፣ ሊጥም ፈጥኖ ይሆመጥጣል። እንጀራውን ከጋጋሪ ትግዛ፤ አትክልቱን ከቀፊራ ገበያ የዕለቱን ብቻ ትሸምት። እኔ ወደ ማታ ነበር የምሄደው፤ ከገጠር የመጡት እናቶች ተሸክመው ከሚመለሱ ብለው የቀረውን ቲማቲም በግማሽ ዋጋ ይለቁልኝ ነበር። ቁርስ ፉል ከበላች እስከ ምሳ አይርባትም።

ወንድም ከደብረ ብርሃን (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እናቴን ይዤ ራሴ መጣሁ። ደቻቱ ዳር ያለውን ክፍል ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አየነው፤ እናቴ በሩን ዘግታ አምስት ደቂቃ ሳትሞላ ነጠላዋን አውልቃ ወጣች። ባለሱቁን ስለ ጎርፉ ስጠይቀው ቃል ሳይናገር መስኮቱ ላይ ጠቆመኝ። ደላላው እስከ ዛሬ አኩርፏል።

አሁን ሳቢያን ነን፤ ከአስፋልቱ አራት ደቂቃ በእግር። ኮርኒስ አለው፣ ኒም ባይኖርም የጎረቤት ዛፍ ከሰዓት በኋላ ጥላውን ይጥልበታል። ኪራዩ 4,200 ነው፤ ከአሰበ ተፈሪ ከመጣች የክፍል ጓደኛዋ ጋር ለሁለት 2,100 ይደርሳቸዋል። የሁለት ወር ብቻ ከፈልን፤ ውሉም ተጽፎ ተፈርሟል፣ ለምዝገባው ሰኞ እንሄዳለን። እናቴ አከራይዋን "እርስዎ" ማለት አልተውም ብላ ሁለት ቀን ሲሳሳቁ ከረሙ።

የቀረን በርሜሉ ነው። አከራይዋ የሰጠችን ባለ 200 ሊትር ብረት በርሜል ክዳን የለውም። ክዳን ለብቻው ይሸጣል?

ባጃጅ ነጂው

ለብቻው ፈልገህ አትድከም፤ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች በልክ ይሠሩልሃል። የአፉን ስፋት በገመድ ለክተህ ገመዱን ይዘህ ሂድ፤ እጀታም ይግጠሙበት።

ነርሷ

ጠርዙ ወደ ታች ሦስት ጣት ያህል ይታጠፍ በላቸው፤ ልሙጡን ነፋስ ይወስደዋል።