ግራኝ ከግራኝ፦ የስኑከር ፍጻሜውን ማን ይበላዋል?

የካዛንቺሱ (ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት)
ሰላም ጀለሶች፣ የነቃ ካለ። ማርክ ዊልያምስ ጃድ ትራምፕን ግማሽ ፍጻሜ ላይ 17 ለ 14 ሸኝቶት እንቅልፍ ጠፋኝ። የ50 ዓመት ሰውዬ እኮ ነው! በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በእድሜ እሱን የሚያክል ገብቶ አያውቅም። አሁን ከቻይናው ዣኦ ሺንቶንግ ጋር ነው፣ ያው እንግሊዝ ሼፊልድ፣ ክሩሲብል የሚባለው አዳራሽ፣ ቢበዛ 35 ፍሬም (አንድ ፍሬም አንድ ዙር ጨዋታ ነው)፣ ቀድሞ 18 የሞላ ይወስዳል። በኛ ሰዓት እሁድ ከቀኑ 9 እና ማታ 3፣ ሰኞም እንደዛው፣ ሰኞ ደሞ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ስለሆነ ስራ የለም፣ ሰበብ መፍጠር ቀረልኝ።
ካዛንቺስ የነበረው ፑል ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ተበታትነናል፣ ስለዚህ ሰኞ አራት ኪሎ ተገናኝተን አብረን ልናይ ነው፣ ግምቱ የተሳሳተ የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል። እና ማን? ስንት ለስንት? እኔ ልቤ ዊልያምስ ጋ ነው፣ ጭንቅላቴ ግን ዝም ብሏል።

ጥቁሯ ኳስ
ዝም ያለው መልሱን ስለሚያውቅ ነው ወንድሜ። ዣኦ፣ 18 ለ 11። ልጁ እኮ ሮኒ ኦሱሊቫንን 17 ለ 7 ነው የሸኘው፣ ሰባቴ የዓለም ሻምፒዮን የሆነን ሰው፣ ያውም አንድ ሴሽን (የጨዋታ ክፍለ ጊዜ) ሳይነካ ተርፎት። አርብ ጨርሶ ቅዳሜን ተኝቶ ዋለ፣ ሽማግሌው ግን እስከ አሁን ቆሞ ሲገፋ ነበር። 28 እና 50 ናቸው፣ ሂሳቡን አንተ ስራው።

ጋሽ ከረንቡላ
ልጆች ቀስ በሉ። እኔ ያደግኩት ፒያሳ ከረንቡላ ቤት ውስጥ ነው፣ እዛ አንድ ሰውዬ ነበሩ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ተራቸው ሲደርስ መጀመሪያ ጠመኔውን ይፈልጋሉ ከዛ መነጽሩን ይጠርጋሉ ከዛ ጠረጴዛውን አንዴ ይዞሩታል፣ እኛ ጎረምሶቹ እስኪመቱ በንዴት እናልቃለን፣ ከዛ ገብተን እናበላሻለን። ሁሌ የጠረጴዛውን የምንከፍለው እኛ ነን። ዊልያምስ ማለት እሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 2000፣ 2003፣ 2018 ሦስት ዋንጫ አለው፣ አሁንም ሩብ ፍጻሜ ላይ ጆን ሂጊንስን 13 ለ 12 ነው ያለፈው፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ በጉልበት አይወጡትም። በዛ ላይ አይኔ አልሆን ብሎኛል እያለ ነው እዚህ የደረሰው። 18 ለ 16 ለሱ።
(በ2018 ካሸነፍኩ ራቁቴን ነው መግለጫ የምሰጠው ብሎ አድርጎታል፣ ዘንድሮ እንኳ ይለፈን።)

ሰባት ነጥብ
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር ሁለቱም ግራኝ ናቸው። ግራኝ ተጫዋች ቀኙን ተጫዋች የሚበልጥበት ቦታ አለ፣ ኳሷ ባንዱ ጠርዝ በኩል ስትሆን ቀኙ ሬስት (የዱላ ማስደገፊያ) አምጡልኝ ሲል ግራኙ እጁን ዘርግቶ ይመታታል፣ ጠረጴዛው 12 ጫማ ነው እንደ ሰፈራችን ፑል አይደለም ሁሉም ጋ አይደረስም። እዚህ ግን ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ያ ነገር ተሰረዘ፣ የቀረው ሩቅ ኳስ ማን ያገባል ነው፣ እሱ ላይ ደሞ ዣኦን የሚያክል አሁን አላየሁም። የመጀመሪያዋን ሴሽን ብቻ እዩ፣ አምና ካይረን ዊልሰን 7 ለ 0 ጀምሮ ጃክ ጆንስ ሲከተለው ውሎ 18 ለ 14 ነው ያለቀው። ከዛ በኋላ መሮጥ ከባድ ነው። ዣኦ 18 ለ 13።

የአምባሳደሩ
ኧረ ዣኦ ጨዋታ ሸጦ አይደል እንዴ የታገደው? እንዲህ ያለ ሰው ዋንጫ ሲያነሳ ማየት አልፈልግም።

ሰባት ነጥብ
@የአምባሳደሩ እንደሱ አይደለም። እሱ ራሱ የሸጠው ጨዋታ የለም፣ ሌላ ተጫዋች ሁለት ጨዋታ ሲያጭበረብር እጁ ነበረበት፣ ራሱም ተወራርዷል፣ አምኖ 20 ወር ተቀጣ፣ ጨረሰ። አሁን ገና አማተር ነው፣ አራት የማጣሪያ ዙር አልፎ ነው ክሩሲብል የገባው። ባትወደው መብትህ ነው ግን በትክክሉ ጥላው።

የአምባሳደሩ
እሺ በትክክሉ ጠልቼዋለሁ። ዊልያምስ 18 ለ 17።

ጥቁሯ ኳስ (እሁድ ማታ)
7 ለ 1። ሰላም ጋሼ? መነጽሩን እየጠረገ ነው?

ጋሽ ከረንቡላ
አንተ ባለጌ። ገና ጠረጴዛውን እየዞረ ነው።

ሰባት ነጥብ (ሰኞ ከቀትር በኋላ)
ሌሊቱን 11 ለ 6 አደሩ አሁን 17 ለ 8። ለማታው አንዲት ፍሬም ነው የቀረችው፣ የካዛንቺሱ ብር ያዝ።

የካዛንቺሱ (ሰኞ እኩለ ሌሊት አካባቢ)
ማታ ዊልያምስ አራት ፍሬም በተከታታይ ወስዶ 17 ለ 12 ሲያደርገው ካፌው ውስጥ ስኑከር ምን እንደሆነ የማያውቀው አስተናጋጅ ሳይቀር ትሪውን ይዞ ቆሞ ነበር፣ ጋሼ ተነስተው ቆመው «አልኳችሁ! አልኳችሁ!»። ከዛ ዣኦ አንዴ ገባ፣ ነጯን እንደ ልጅ እያባበለ ዘጋው፣ 18 ለ 12። የመጀመሪያው ቻይናዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ የአገሩ ልጅ ዲንግ ጁንሁይ በፈረንጆቹ 2016 ፍጻሜ ደርሶ ያልቻለውን።
ቁጥሩን ማንም አልመታውም፣ ጥቁሯ ኳስ 11 ብሎ ሰባት ነጥብ 13 ብሎ እኩል ሳቱት፣ ሲከራከሩ ጋሼ ተነስተው ሄዱ። ሽንት ቤት መስሎን ነበር። ሂሳብ ስንጠይቅ ተከፍሏል አለን ልጁ።

ጋሽ ከረንቡላ
የሚቀጥለው ዓመት የናንተ ነው። አሁን ተኙ፣ ነገ ስራ አለ።