መንታ ወልጄ ወንዱ ብቻ ለምን ተቸገረ?

የመንታ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ32 ሳምንቴ መንታ ወለድኩ፣ ወንድና ሴት። ሴቷ በክብደት ከሱ ታንሳለች፣ ግን ወዲያው አለቀሰች፣ በራሷ ተነፈሰች። እሱ መተንፈስ አቅቶት 9 ቀን ማሽን ላይ ቆየ። አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ማህፀን፣ አንድ ቀን፣ የበላሁትም ያው። አንዷ ነርስ «ወንድ ያለጊዜው ሲወለድ ይበረታበታል፣ እንግዴ ልጁም ይለያል» አለችኝና ወደ ስራዋ ሄደች። እንግዴ ልጅ የእናት አይደለም እንዴ? በልጁ ፆታ እንዴት ይለያል? ወይስ ያጠፋሁት ነገር አለ?

አዋላጅ ነኝ፦
እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ ያጠፋሽው ነገር የለም።

እንግዴ ልጅ የእናት አካል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሚሠራው ግን ከጽንሱ ነው። እንቁላሉ ከዳበረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሴሎቹ መንገድ ይለያሉ፣ የውስጦቹ ልጁን፣ የውጪዎቹ እንግዴ ልጁን ይሠራሉ። ስለዚህ ልጁ ኤክስ ዋይ (የወንድ ክሮሞሶም ያለው) ከሆነ እንግዴ ልጁም ኤክስ ዋይ ነው። ስሙ ራሱ «ልጅ» ይለዋል እኮ! ወንድና ሴት መንታ ደግሞ ከሁለት እንቁላል ስለሚመጡ የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ነበራቸው፣ ተጣብቀው አንድ ቢመስሉም።

የትንፋሹ ነገር በዋናነት የሳምባ ጉዳይ ነው። ሳምባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች አየሩ ሲወጣ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ፣ ሰርፋክታንት ይባላል። ወንዱ ጽንስ ከ8ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቴስቶስትሮን ያመርታል፣ የወንድ ሆርሞኖች ደግሞ የዚህን ፈሳሽ መመረት ያዘገዩታል። ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ ለተወለደ ልጅ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። በ32 ሳምንት ግን ጥቂት ቀን መቅደምና መዘግየት ትልቅ ነገር ነው።

ባዮሎጂ አስተማሪ፦
አዋላጇ በደንብ ነግራሻለች፣ እኔ ስለ እድገቱ ልጨምር። ወንዱ ጽንስ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ያድጋል፣ ሲወለድም በአማካይ ከ100 ግራም በላይ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪው ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቹ ከ1934 እስከ 1944 ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ውስጥ የተወለዱ ሰዎችን መዝገብ አይተው፣ የወንዶቹ እንግዴ ልጅ ከክብደታቸው አንፃር አነስ ያለ እንደሆነ ጻፉ። ትንሽ ሆኖ ብዙ ይሠራል ማለት ነው፣ ግን መጠባበቂያ አቅም አይተርፈውም። እናትየው ስትታመም ወይም ምግብ ሲያንስ ወንዱ ጽንስ ቶሎ የሚጎዳው ለዚህ ነው ይላሉ።

ለኔ በጣም የሚገርመኝ አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዋ ቪኪ ክሊፍተንና ባልደረቦቿ አስም ባለባቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ ያዩት ነው። እናትየው አስሟ በደንብ ካልታከመ ሴቷ ጽንስ እድገቷን ትንሽ ቀንሳ ትጠብቃለች፣ ወንዱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ማደጉን ይቀጥላል፣ ከዚያ ሌላ ከባድ ጥቃት ሲደርስ እሷ ባስቀመጠችው ታልፋለች እሱ ግን ይጎዳል። ያንቺ ልጅ ክብደቷ ማነሱን ሳነብ ይሄ ትዝ አለኝ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ሁለት ልጅ፦
የኔ ተቃራኒ ነው። ሴቷ በ33 ሳምንት ተወልዳ ብዙ ተሰቃየች፣ ወንዱ በ32 ተወልዶ ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ ወሬ ወንድ ያረገዘችውን እናት ማስፈራት እንዳይሆን።

ባዮሎጂ አስተማሪ፦
ትክክል ነሽ። የማወራው ብዙ ሺህ ልጆች ተደምረው ስለሚታይ አማካይ ነው፣ ለአንድ ልጅ ትንቢት አይሆንም። ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት ወንዶች ይበዛሉ፣ ያም ሆኖ በዓለም ላይ ለ100 ሴት 105 ገደማ ወንድ ይወለዳል።

የመንታ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አለቀስኩ ስላችሁ። ወደፊት ወንድ ባረግዝ የተለየ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?

አዋላጅ ነኝ፦
ክትትሉ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ፆታ አይቶ የሚለወጥ መድኃኒት የለም። ሳምባ ቶሎ እንዲበስል የሚሰጠው መርፌም ለሁለቱም ያው ነው። አንቺ ግን አንዴ ያለጊዜሽ ስለወለድሽ ገና ስታረግዢ ለሐኪምሽ ንገሪ። የልጁ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ከቀነሰ ደግሞ እስከ ነገ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ።